የኤሌክትሪክ መኪና ገዢን የሚያስወስነው ምንድን ነው?

ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን ሲያስታውቁ፣ ብዙ ሰው የገዢው ምርጫ እዚያው ላይ ያበቃ መስሎት ነበር። «መንግሥት ከከለከለ ሌላ ምን አማራጭ አለ?» የሚለውን ንግግር እስከ ዛሬ ድረስ እሰማዋለሁ። እኔ ግን ነገሩ እንዲያ አይመስለኝም። ክልከላው የሚመለከተው አዲስ የሚገባውን መኪና ነው፤ ቀድመው የገቡት ቪትዞች፣ ያሪሶችና ኮሮላዎች ዛሬም በየደላላው እጅ ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ። ስለዚህ ለመኪና የሚሆን ገንዘብ ያጠራቀመ የአዲስ አበባ ሰው አሁንም ሁለት መንገድ ከፊቱ አለ፦ በብዙ ሰው እጅ ያለፈ የቤንዚን መኪና ወይም አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና። ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ የሚያደርገው ምን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጉዳዩን የማየው ከሙያዬ አንጻር ነው። የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ መስመር እዘረጋለሁ፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከሥራዬ ሰፊውን ድርሻ የያዘው በየግቢው ቻርጀር መግጠም ሆኗል። ሰዎች የሚጠሩኝ አንዳንዴ መኪናውን ከገዙ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ግን ከመግዛታቸው በፊት «ቤታችን ይችለዋል ወይ?» ብለው ነው። በዚያች የማመንታት ሰዓት አብሬያቸው ስለምቆም፣ ምን እንደሚያስፈራቸውና ምን እንደሚያጓጓቸው በቅርብ ለማየት ዕድል አግኝቻለሁ።

መጀመሪያ የሚነሣው የገንዘብ ነገር ነው፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ሲያደርግ፣ የጉምሩክ ቀረጡንም ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ እዚህ ለሚገጣጠመው ደግሞ ዜሮ አድርጎት ነበር። ከዚያ ቀደም በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ የነዳጅ መኪና ላይ የተጣለውን ከባድ የኤክሳይዝ ታክስ ለሚያስታውስ ሰው፣ በሁለቱ መካከል የተፈጠረው የዋጋ ሚዛን ምን ያህል እንደተገለበጠ ግልጽ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግና ብር በጥቂት ወራት ውስጥ ከዶላር አንጻር ከግማሽ በላይ ዋጋውን ሲያጣ የኤሌክትሪክ መኪናም ተወደደ፤ ይሁን እንጂ የታክሱ ልዩነት ስላልጠፋ ፍላጎቱ አልቆመም።

ከግዢው ዋጋ ይልቅ ሰውን ዕለት ዕለት የሚያሳስበው ግን የማደያው ሒሳብ ነው። ግንቦት 2014 ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 37 ብር ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽም የሊትሩ ዋጋ 100 ብርን አለፈ። ለደንበኞቼ የማሳየው ስሌት ቀላል ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር የሚፈጅ መኪና፣ ሊትሩን በ100 ብር ብናስበው፣ ለዚያ ርቀት 700 ብር ይጠይቃል። ያንኑ ርቀት በ16 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚሸፍን የኤሌክትሪክ መኪና፣ የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ 10 ብር ቢሆን እንኳ፣ 160 ብር ብቻ ይፈልጋል፤ የቤታችን ታሪፍ ደግሞ እስካሁን ከዚያ ያነሰ ነው። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል መወሰኑን አውቃለሁ፤ ለዚህም ነው ሆን ብዬ በከፍተኛው ዋጋ የማሰላው። ልዩነቱ በዚያም ዋጋ ከአራት እጥፍ በላይ ነው።

በዚህ ላይ የማደያ ሰልፍ አለ። ወረፋ ለመያዝ ሌሊት ወጥቶ፣ መኪናው ውስጥ አንቀላፍቶ፣ ረፋድ ላይ «አልቋል» ተብሎ የተመለሰ ሰው የዋጋውን ስሌት ማየት እንኳ አያስፈልገውም። በተለይ በሾፌርነት የሚተዳደሩት፣ ለምሳሌ ራይድና ፈረስ በሚባሉት የታክሲ መተግበሪያዎች የሚሠሩት፣ የሰልፉን ሰዓት የሚቆጥሩት ከዕለት ገቢያቸው ላይ እንደተቀነሰ ገንዘብ ነው። የከተማችንን ሰው ያሳመኑትም በብዛት እነርሱ ይመስሉኛል። ተሳፋሪው ከኋላ ተቀምጦ «እንዴት ነው ይሄ መኪና?» ሲል የሚያገኘው መልስ፣ የማሳያ ክፍል ሻጭ ከሚለው ሁሉ በላይ ይታመናል፤ ሾፌሩ ኮሚሽን የለውም፣ የሚናገረውም የትናንት ማታውን የመብራት ወጪ ነው። አንድ ደንበኛዬ የቻርጀር ሥራ ሊያዘኝ ሲደውል ያለኝን አስታውሳለሁ፦ «ወንድሜ፣ ሦስት የተለያዩ ራይድ ሾፌሮች ጠይቄ ሦስቱም ወደ ቤንዚን አንመለስም አሉኝ፤ ከዚህ በኋላ ማንን ልጠይቅ?»

የዋጋ ልዩነት ኃይል በሌላውም አገር ታይቷል። ኖርዌይ የነዳጅ መኪናን ከልክላ አታውቅም። ይልቁንም ለነዳጅ መኪና ከባድ ግብር ጠብቃ፣ የኤሌክትሪኩን ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 25 በመቶ ከሆነው የተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ አደረገች፤ ከመንገድ ክፍያ ነፃ በማድረግና በአውቶቡስ መስመር እንዲሄድ በመፍቀድም ለረጅም ዘመን አበረታታችው። በ2024 እ.ኤ.አ. በዚያች አገር ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች 88.9 በመቶው ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ነበሩ። ጀርመን ደግሞ ለገዢዎች ትሰጠው የነበረውን ድጎማ በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. በድንገት ስታቋርጥ፣ በሚቀጥለው ዓመት የኤሌክትሪክ መኪና ሽያጯ ከሩብ በላይ ወረደ። ከሁለቱ የምረዳው፣ ገዢ የሚያየው ዛሬ የተሰጠውን ማበረታቻ ብቻ ሳይሆን የነገውንም መሆኑን ነው። ኖርዌይ ከሃያ ዓመት በላይ ቃሏን ጠብቃለች፤ ጀርመን በአንድ ሳምንት ውስጥ አጥፋዋለች። በእኛ አገርም ደንበኞቼ ደጋግመው ከሚያነሧቸው ጥያቄዎች አንዱ «ነገ ይሄ ሕግ ቢቀየርስ?» የሚል ነው። መመሪያ በተደጋጋሚ ሲወጣና ሲሻር ላየ ሰው ይህ ጥርጣሬ የሚጠበቅ ነው።

ስለ አየር ንብረት የሚጠይቀኝ ሰው ግን አጋጥሞኝ አያውቅም ማለት እችላለሁ። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ከውኃ፣ ከነፋስና ከመሰል ምንጮች የሚመነጭ መሆኑ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። የድንጋይ ከሰል በሚያነድዱ አገሮች የኤሌክትሪክ መኪና ንጽሕና ሲያከራክር እዚህ ግን አያከራክርም። ነገር ግን ሰው ይህን የሚያነሣው ከገዛ በኋላ በኩራት እንጂ ከመግዛቱ በፊት እንደ ምክንያት አይደለም። በአንጻሩ ደግሞ መኪናውን ለአንድ ቀን እንኳ የነዳ ሰው የሚያነሣው አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የዳገቱ ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ በአምስት እጅ አንዱ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር አየሩ በሳሳ መጠን ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የሽሮ ሜዳን ዳገት በአሮጌ ቪትዝ አራት ሰው ጭኖ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም፤ ባሕር ዳርቻ ላይ የነበረውን ጉልበት እንጦጦም ላይ አያጣም። ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ፍሬኑ ሊያባክነው የነበረውን ጉልበት መልሶ ወደ ባትሪው ያስገባዋል። ለእኛ መልክዓ ምድር ይህን ያህል የሚስማማ መኪና ሆኖ ሳለ፣ አስመጪዎች በማስታወቂያቸው ስለ ስክሪኑ ስፋት ብቻ ሲያወሩ ማየት ይቆጨኛል።

ከከተማ ሲወጣ ግን ይኸው መልክዓ ምድር ያስፈራል። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ደጀን የሚወጣ ሰው 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርድና መልሶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ከነተሳፋሪው ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ ከ7 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ ይህም በሜዳ 40 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ጉልበት ነው። ቁልቁለቱ ከፊሉን ይመልሳል፣ ሁሉንም ግን አይመልስም። በየመሀሉ አስተማማኝ ቻርጅ ማድረጊያ እስኪኖር ድረስ፣ ለፋሲካ ወደ ጎጃም የሚሄድ ቤተሰብ ያለው ሰው ማመንታቱ አግባብ ነው። እንዲያም ሆኖ አብዛኛው የከተማ ሰው በቀን የሚነዳው ከጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች አይበልጥም። በወረቀት ላይ 400 ወይም 500 ኪሎ ሜትር የሚል መኪና ገዝቶ፣ መብራት ለአንድ ሌሊት ስለጠፋ ብቻ መንገድ ላይ የሚቀር ሰው እምብዛም ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ወሳኝ ወደምለው ነገር ልምጣ፤ እርሱም መኪናው የሚያድርበት ቦታ ነው። ግቢ ያለውና የሌለው ሰው አንድ ዓይነት መኪና ቢገዙም የሚገቡበት ኑሮ አንድ አይደለም። ግቢ ላለው ሰው ተራ ባለ 16 አምፔር ሶኬት 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይሰጣል፤ ማታ ተሰክቶ ጠዋት ሲነቀል ስምንት ሰዓት ውስጥ ወደ 28 ኪሎ ዋት ሰዓት ገብቷል ማለት ነው፤ ይህም ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል። ሥሪ ፌዝ የሚባለውን ከፍተኛ ኃይል ያለው መስመር ማስገባት ሳያስፈልገው፣ በካርድ ቆጣሪው ብቻ ከማደያ ለዘለቄታው ይሰናበታል። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ስለ ሽቦው ነው። ብዙ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ለመብራትና ለቴሌቪዥን የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ከግድግዳው ጀርባ አለ፤ ያንን ለስምንት ሰዓት በሙሉ ጉልበት ማሠራት ሶኬቱን ያቀልጠዋል። ፕላስቲኩ ጠቁሮ፣ መሰኪያው ከሶኬቱ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ያለበት ቤት ገብቻለሁ። ስለዚህ ከቆጣሪው ጀምሮ ለቻርጀሩ ብቻ የሚሆን ወፈር ያለ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና ትክክለኛ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ መስመር) እስካልተዘረጋ ድረስ ሥራውን አልቀበልም። ወጪው ከመኪናው ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው፤ ይህን የሠራ ቤተሰብም ከዚያ በኋላ ለጎረቤቱ ሲናገር የሚሰማው በልበ ሙሉነት ነው።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ታሪክ ሌላ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ቆጣሪው ሌላ ቦታ፣ መኪናው ደግሞ ከሕንጻው ማዶ ባለው የጋራ ማቆሚያ ላይ ነው። ገመድ በመስኮት ቁልቁል አውርደው፣ በሣሩ ላይ አሳልፈው፣ ማከፋፈያ በማከፋፈያ ላይ ቀጥለው ዝናብ እየዘነበበት ቻርጅ የሚያደርጉ ሰዎች አይቻለሁ። ልጆች በሚሯሯጡበት ግቢ ውስጥ ይህ ለሕይወት አስጊ ነው። ሌሎች ከጋራ ቆጣሪው፣ ማለትም ለደረጃው መብራትና ለውኃ ፓምፑ ከተዘረጋው መስመር ቀጥለው ይሞክራሉ፤ ያኔ ደግሞ የነዋሪዎች ኮሚቴ ይሰበሰባል። መኪና የሌላት ጡረተኛ እናት «የእናንተን መኪና መብራት ለምን እኔ እከፍላለሁ?» ስትል ትክክል ናት። ባለ መኪናውም «ታዲያ የት ልሰካ?» ሲል ልክ ነው። እንዲህ ዓይነት ስብሰባ ላይ ለቴክኒክ ማብራሪያ ተጠርቼ፣ ክርክሩ ስለ ኤሌክትሪክ መሆኑ ቀርቶ ስለ ጉርብትና ሲሆን ታዝቤያለሁ። መፍትሔው ግን ውስብስብ አይደለም፤ ለማቆሚያው ራሱን የቻለ መስመር አውጥቶ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ንዑስ ቆጣሪ መግጠም፣ ሒሳቡንም በየወሩ በንባቡ መሠረት መክፈል ነው። ይህን ያደረጉ ግቢዎች ጠባቸው በርዷል፤ በእነዚያ ግቢዎች ውስጥ ሁለተኛውና ሦስተኛው የኤሌክትሪክ መኪና ለመግባት ብዙ አልቆየም። ኮሚቴው «አይሆንም» ብሎ በቀረባቸው ግቢዎች ግን ለመግዛት አስበው የነበሩ ሰዎች ሐሳባቸውን ትተው አሮጌ ቪትዝ ሲገዙ አይቻለሁ። ከተማ ውስጥ ያሉት ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያዎች፣ ኢትዮ ቴሌኮም የከፈታቸውን ጨምሮ፣ ለእነዚህ ሰዎች እፎይታ ሰጥተዋል። ሆኖም በሳምንት ሁለት ጊዜ ወረፋ የሚይዝ ሰው ከሰልፍ ወጣሁ ሊል አይችልም።

ቀጥሎ የሚመጣው የባትሪውና የዳግም ሽያጩ ጥያቄ ነው። በአገራችን መኪና ጥሪት ነው። በአሥር ዓመት አገልግሎት ዋጋው የጨመረ መኪና እዚህ ብርቅ አይደለም፤ ወላጆቻችን ኮሮላ ሸጠው ልጅ ያስተማሩበት፣ ቤት የጀመሩበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና እንደ ማንኛውም አዲስ ቴክኖሎጂ ከዓመት ዓመት ሊረክስ ይችላል የሚለው ሐሳብ ለኢትዮጵያዊ ገዢ ከማንም በላይ ይከብደዋል። አንድ በዕድሜ የገፉ ደንበኛዬ ቻርጀሩን ገጥሜ ስጨርስ «ልጄ፣ ይሄ ባትሪ የሞተ ቀን እኔ ምን ልሆን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ጋሼ፣ ባትሪ እንደ አምፖል በአንድ ቀን አይጠፋም፤ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያለ አቅሙ ይቀንሳል» አልኳቸው። በከተማችን በብዛት የሚታዩት የቢዋይዲ መኪኖች የሚጠቀሙበት ሊቲየም አይረን ፎስፌት የተባለው የባትሪ ዓይነት ለብዙ ጊዜ ቻርጅ መደረግን የሚችልና ሙቀትንም በተሻለ የሚታገሥ መሆኑን፣ የአዲስ አበባ መለስተኛ የአየር ጠባይም ለባትሪ ተስማሚ መሆኑን አስረዳኋቸው። ረክተው ሸኙኝ፤ ይሁን እንጂ ሁለተኛው ጥያቄያቸው ከእኔ መልስ በላይ ነበር። «እሺ፣ ስሸጠው ገዢው ይህን በምን ያምናል?» አሉኝ። በየሽያጩ ሊብሬ እንደምንመለከት ሁሉ፣ የባትሪውን ቀሪ አቅም ገለልተኛ ወገን ለክቶ የሚሰጠውና ሁሉም የሚቀበለው ወረቀት ቢኖር ኖሮ የእርሳቸው ስጋት ግማሹ ይቀል ነበር። መሣሪያው አለ፤ ምርመራውም ረጅም ጊዜ አይፈጅም። የጎደለው አሠራሩ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ሌላው የመኪናው መገኛ ነው። ከሚገቡት ብዙዎቹ ለቻይና የአገር ውስጥ ገበያ ተሠርተው በነጋዴዎች በኩል የመጡ ናቸው። ስክሪናቸው በቻይንኛ ይናገራል፤ የቻርጅ መሰኪያቸው ጂቢቲ የሚባለው የቻይና ዓይነት ስለሆነ፣ ሲሲኤስ ከሚባለው የአውሮፓ ዓይነት ጋር ያለ ማገናኛ አይገጥምም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ የፋብሪካው ዋስትና ከቻይና ውጭ ላይሠራ መቻሉ ነው። ገዢው «የስምንት ዓመት ዋስትና አለው» ተብሎ ይገዛል፤ ችግር ሲመጣ የሚሄድበት በር የለውም። መካኒኮቻችን ጎበዞች ናቸው፤ የኮሮላን ሞተር ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈታሉ። ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለበትን ሥርዓት ግን ያለ ሥልጠና፣ ያለ መከላከያ ጓንትና ያለ መመርመሪያ ኮምፒውተር መንካት አይችሉም፤ ሊነኩም አይገባም። መኪናው ሲጋጭ መለዋወጫ ለወራት መጠበቅ የተለመደ ሆኗል። አንድ መኪና ጋራዥ ውስጥ ለወራት ቆሞ በሰፈሩ ሁሉ ሲታይ የሚያስቀረው ገዢ፣ አሥር ጤናማ መኪኖች ከሚያመጡት ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ሊገዛ ያሰበ ሰው ስለ ፍጥነቱና ስለ ወንበሩ ከመጠየቁ በፊት አስመጪው በጽሑፍ የሚሰጠውን ዋስትና፣ የሚያስጠግንበትን ቦታና የመሰኪያውን ዓይነት እንዲጠይቅ አጥብቄ እመክራለሁ።

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከ100 ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ወደ አገር መግባታቸውን ገልጿል። አብዛኞቹ ያሉት አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ ቀድመው የተገዙት በእኔ ግምት ግቢ ባላቸው ሰዎች ነው። የሚቀጥሉት ገዢዎች የጋራ ሕንጻ ነዋሪዎች ናቸው። ለእነርሱ ኖርዌይ ያደረገችው አንድ ነገር ከታክሱ ባልተናነሰ ያስቀናኛል፦ በጋራ ሕንጻ የሚኖር ሰው በማቆሚያው ላይ ቻርጀር ልግጠም ሲል ማኅበሩ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይከለክለው በሕግ ደንግጋለች። እኛም ይህን ለማድረግ የሚያግደን የለም። ከዚያም ቀድሞ፣ ገና በመሠራት ላይ ያሉት ሕንጻዎች የግንባታ ፈቃድ ሲሰጣቸው ከቆጣሪ ክፍሉ እስከ መኪና ማቆሚያው የፕላስቲክ ቱቦ እንዲቀብሩና በማከፋፈያ ሳጥናቸው ውስጥ ለቻርጀር የሚሆን ቦታ እንዲተዉ ማስገደድ ይቻላል። ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት ቱቦውን መቅበር የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ሕንጻው ካለቀ በኋላ ያንኑ መስመር ለማሳለፍ ወለል መስበርና የሃምሳ አባወራን ስምምነት ማግኘት ያስፈልጋል።